የዓለም መጥፊያ በማን በደል ነው?
በኢትዮጵያ ምድር ስለ ተቀረጹ ሦስት ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልሞች ሚዛንና ደረጃ

መነሻ

ተከታታይ የሆኑ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልሞችን ከበላጩ እስከ ደካማው በደረጃ ማስቀመጥ በሌላው ዓለም የሲኒማ ወዳጆች የቆየ ልማድ ነው። «የዝንጀሮዎች ፕላኔት» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1968 ከታየ በኋላ እስከ 1973 ድረስ አራት ተከታዮች ወጥተውለታል። እ.ኤ.አ. በ1977 የጀመረው «የከዋክብት ጦርነት» ደግሞ ዘጠነኛውን ዋና ክፍሉን በ2019 አሳይቷል። እንዲህ ያለ ረጅም ሰንሰለት በፊቱ የተዘረጋለት ተመልካች የትኛው ክፍል ከየትኛው እንደሚበልጥ ሲከራከር ቢውል አያስደንቅም፤ የሚያማርጥበት ብዙ አለውና።

የኢትዮጵያ ተመልካች የሚያማርጥበት ግን ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት፣ አባቷ ማን ነው?» በ1957 ዓ.ም. ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ የፍቅር፣ የቤተሰብና የቀልድ ፊልሞች እየበረከቱ ሄደዋል። መጪውን ዘመን ወይም ከምድር ውጭ ያለውን ዓለም የሚያልም ፊልም ግን በጣት የሚቆጠር ሆኖ ቀርቷል። ከእነዚህም መካከል በኢትዮጵያ ምድር ተቀርጸው፣ በኢትዮጵያውያን ተዋንያን ተሠርተው በውጭ አገር የፊልም በዓላት ላይ የታዩ ሦስት ሥራዎች ይጠቀሳሉ። አንደኛው አንዲ ሲገ ያዘጋጀው «ቤቲና አማረ» ሲሆን የታየው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። የቀሩት ሁለቱ የስፔናዊው አዘጋጅ የሚጌል ያንሶ ሥራዎች ናቸው፤ እነርሱም እ.ኤ.አ. በ2015 የታየው «ፍርፋሪ» እና እ.ኤ.አ. በ2019 የታየው «ኢየሱስ ወደ አውራ ጎዳናው የሚወስደውን መንገድ ያሳይሃል» ናቸው። በሁለቱም ዋናውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ዳንኤል ታደሰ በመሆኑ፣ ታሪካቸው ባይያያዝም እንደ ወንድማማች ሊታዩ ይችላሉ።

ይህ ጽሑፍ ሦስቱን በደረጃ ያስቀምጣል። ደረጃ ያለ መመዘኛ ከሰጡት ግን የምርጫ ጨዋታ ከመሆን አያልፍም። ስለዚህ ፊልሞቹን ከማየት በፊት ሚዛኑን ማቆም ይገባል። ሚዛኑም ከሩቅ የተዋሱት ሳይሆን ከወሎ፣ ከሐይቅ ዳር የተገኘ ነው።

መመዘኛው

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የሐይቅ ከተማ ትገኛለች። በአጠገቧም ስሟን ያወረሳት ውሃ ተኝቷል። ስለዚህ ውሃ አፈጣጠር በአካባቢው ሲነገር የኖረ አፈ ታሪክ አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት እጅ ግፍ ተፈጸመባት ይላል። እግዚአብሔርም በግፉ እጅግ ተቆጥቶ በሴቲቱ ዙሪያ ያለውን ምድር ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ልዕልቲቱም ከወዳጅ ዘመዶቿ ጋር ሰጠመች። የተበደለችው ሴት የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ሳትነካ ቀርታ ደሴት ሆነች። ያቺ ደሴት ዛሬ በአንድ ጎኗ ከየብስ ጋር ተያይዛለች፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘውም በእርስዋ ላይ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ቦታውን የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ሰዎችም ከዚያ ተምረው ወጡ።

ሃይማኖታዊ ትርጉሙን ለባለቤቶቹ ትቶ ትረካውን በሥነ ጽሑፍ ዐይን ለሚመለከት ሰው፣ ይህ የተሟላ የዓለም መጥፊያ ታሪክ ነው። አጭር ቢሆንም ሦስት ጥያቄዎችን አንሥቶ ሦስቱንም ይመልሳል። የመጀመሪያው ጥያቄ ዓለም በማን በደል ጠፋ የሚል ነው፤ መልሱም በባለ ሥልጣኗ ግፍ ነው። ሁለተኛው ማን ተረፈ የሚል ነው፤ የተረፈችው የተገፋችው ናት። ሦስተኛው ከጥፋቱ በኋላ በተረፈችው መሬት ላይ ምን ተሠራ የሚል ነው፤ የተሠራው ትምህርት ቤት ነው። የመጨረሻውን መልስ የጨመረው ታሪክ ራሱ ነው። ታሪክ ሲጨምር የሚያጎድለውም አለና፣ ገዳሙ የወንዶች በመሆኑ የዚያች ሴት ልጆች ዛሬ እናታቸው ተቀመጠችበት በሚባለው መሬት ላይ እግራቸውን አያሳርፉም። በዓለም መጥፊያ ታሪክ ውስጥ የተረፈ ሰው ሁሉ የተረፈበትን መሬት ይዞ እንደማይቆይ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የእነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ክብደት ለመረዳት በአፍሪካ ምድር የተሠሩ ሌሎች ሁለት ፊልሞችን ማየት ይጠቅማል። በኒል ብሎምካምፕ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታየው «ቀጣና 9» አንዲት ግዙፍ መንኮራኩር በጆሃንስበርግ ከተማ ላይ ተንጠልጥላ ስትቀር፣ በውስጧ የነበሩት ፍጡራን ተይዘው በአጥር ሰፈር ሲታጎሩ ያሳያል። የአፓርታይድ መንግሥት ጥቁሮችንና ክልሶችን ከመኖሪያቸው እየነቀለ እንዴት እንዳባረረ የሚያውቅ ተመልካች በደለኛውን ለመለየት አይቸገርም። በዚያው ዓመት የታየው የኬንያዊቷ የዋኑሪ ካሂዩ «ፑምዚ» 20 ደቂቃ ያህል ብቻ የሚፈጅ አጭር ፊልም ነው። በውሃ ጦርነት ከጠፋች ምድር የተረፉ ሰዎች በዝግ ከተማ ውስጥ እያንዳንዷን ጠብታ፣ የገላቸውን ላብ እንኳ ሳይቀር፣ እያጠራቀሙ ይኖራሉ። አሻ የተባለችው ሴት ግን አንዲት ችግኝ ይዛ ወደ በረሃው ትወጣለች፤ የመጨረሻ ውሃዋንም ለችግኟ ትሰጣለች። ዓለም በምን ጠፋ፣ ማን ተረፈ፣ ምን ተተከለ ለሚለው ሁሉ ፊልሙ መልስ አለው። እንግዲህ የጥያቄዎቹ ሸክም ለአጭር ፊልም እንኳ የሚከብድ አይደለም።

ለወሎ ሕዝብ ደግሞ እነዚህ ጥያቄዎች የንድፈ ሐሳብ ጥያቄዎች ብቻ አይደሉም። የውጭው ዓለም ካሜራ ወሎን ደጋግሞ ያየው በመከራው ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ጆናታን ዲምብልቢ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያቀረበው «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘ ፊልም የወሎን ረሃብተኞች ለዓለም አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር ተቀጣጥሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግሥቱም ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። የመጀመሪያው ፊልም የሚሞተውን ሰው ሲያሳይ፣ የተቀጣጠለው ሰው ሲሞት የሚበላውን ጨመረበት። በደለኛው በሥዕል ሲታይ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያን ማታ ታወቀ። ዳሩ ግን ያንን ፊልም የቀጣጠለው መንግሥት ራሱ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር ወሎ ዳግመኛ በረሃብ ላይ ነበረች። በተከታዩ ወር በቢቢሲው ጋዜጠኛ በማይክል በርክና በካሜራ ባለሙያው በመሐመድ አሚን ከኮረም የተላለፈው ፊልም ዓለምን አስለቀሰ፤ ኮረም በጊዜው በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። በደለኛን መጠቆም የሚቀለው ጣቱ ወደ ሌላው ሲያመለክት ብቻ መሆኑን የዚያ 10 ዓመት ታሪክ ያስተምራል።

ስለዚህ በኢትዮጵያ ምድር ላይ የዓለምን መጥፊያ የሚቀርጽ አዘጋጅ ባዶ ሸራ ላይ አይሥልም። ከእርሱ በፊት የመጡ ካሜራዎች መሬቱን የጥፋት ምልክት አድርገውታል። ሦስቱ ፊልሞች የሚመዘኑት ይህ ሳይዘነጋ ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፤ «ኢየሱስ ወደ አውራ ጎዳናው የሚወስደውን መንገድ ያሳይሃል»

ሚዛኑ የፈጠራ ብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ፊልም አንደኛ በወጣ ነበር። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2035 በኢስቶንያ ዋና ከተማ በታሊን ይጀምራል። ጋጋኖ የተባለው የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ባልደረባ ከጓደኛው ጋር ሆኖ «ሶቪየት ኅብረት» የሚል ስም የተሰጠውን የኮምፒዩተር ቫይረስ እንዲያጠፋ ይታዘዛል። ሁለቱ ሰላዮች ሥጋቸውን አልጋ ላይ ትተው ወደ ኮምፒዩተሩ ዓለም ሲገቡ የታወቁ ሰዎችን ፊት ከወረቀት የተቆረጠ ጭምብል አድርገው ያጠልቃሉ፤ ቫይረሱም የስታሊንን ጭምብል ለብሶ ይመጣል። ጋጋኖ በዚያ ዓለም ውስጥ ወጥመድ ገብቶ ሲቀር ራሱን ቤታ ኢትዮጵያ በተባለች አገር ያገኘዋል። የአገሪቱ ገዥ ባትፍሮ የሌሊት ወፍ ጭምብል ያጠለቀ አምባገነን ነው። ጋጋኖ በበኩሉ የሚመኘው ትልቅ ነገር አይደለም፤ ከሥራው ወጥቶ ከሚስቱ ጋር መኖርና ፒዛ ቤት መክፈት ብቻ ነው።

የወረቀቱ ጭምብል ሐሳብ ብልህ ነው። በዘመናችን ሰው በማያውቀው መረብ ውስጥ የሌላ ሰው ፊት ለብሶ እንደሚኖር፣ ከዚያ ለመውጣት ሲፈልግም በሩን እንደሚያጣ በርካሽ ወረቀትና በመቀስ ተገልጧል። በብዙ ሚሊዮን ዶላር የተሠሩ ፊልሞች ያልቻሉትን ነገር መቀስ ችሎታል። የትንሹ ሰው ትንሽ ምኞት በኃያላን ጨዋታ መካከል ሲፈጭም ተመልካቹ ከሳቁ መካከል ሐዘን ይሰማዋል።

ይሁንና የመጀመሪያው ጥያቄ ሲቀርብ ፊልሙ ይንሸራተታል። ስታሊንም፣ የስለላ ድርጅቱም፣ ባትፍሮም እኩል ይሳቅባቸዋል። ሁሉም እኩል አስቂኝ ሲሆን በደለኛና ተበዳይ የሚለዩበት መስመር ይጠፋል። የአምባገነኑ አገር ስሟ ኢትዮጵያ ነው፤ ነገር ግን በቀይ ሽብር ዘመን ልጁን ላጣ ወላጅ ወይም በሌላው ሥርዓት ለታሰረ ሰው የሚታወቅ አንድም የአምባገነንነት ጠባይ በባትፍሮ ላይ አይታይም። ጭምብሉ የተዋሰው ከአሜሪካ የሥዕል መጽሔት ነው፤ በጭምብሉ ሥር ያለው ፊትም የማንም ፊት አይደለም። ቋንቋው በአብዛኛው እንግሊዝኛ መሆኑ፣ ድምፁም ሆን ተብሎ ከከንፈር ጋር እንዳይገጥም ተደርጎ መቀዳቱ ለቀልዱ ቢረዳም የዳንኤል ታደሰን ትወና ከግማሽ በላይ ይሸፍነዋል። ሳቁ ሰፊ ነው፤ የሚያርፍበት ቦታ ግን የለውም። ስለዚህ ሦስተኛ ይሆናል።

ሁለተኛ ደረጃ፤ «ቤቲና አማረ»

ይህ ፊልም በአነስተኛ ገንዘብ የተሠራ ለመሆኑ በብዙ ቦታ ያስታውቃል። ሆኖም ግን ከሦስቱ መካከል በደለኛውን በስሙ የሚጠራ ይህ ብቻ ነው። ዘመኑ 1928 ዓ.ም. ነው። ቤቲ የተባለችው ወጣት ከሙሶሊኒ ጦር ሸሽታ በደቡብ ኢትዮጵያ ትጠለላለች። ቤቲን የምትጫወተው ሕይወት አስረስ ናት። ጠላት በአንድ ወገን እየቀረበ ሲመጣ፣ በሌላው ወገን የአገሯ ታጣቂዎች በሴትነቷ ላይ ያነጣጥራሉ። በሁለቱ መካከል የተያዘችው ልጅ ወደ ሕልምና ወደ እብደት ድንበር ትገፋለች። እዚያም አማረ ከተባለ፣ ከሰማይ ከወረደና ደም ከሚጠጣ ፍጡር ጋር ትገናኛለች፤ ይዋደዳሉም።

የዚህ ድርሰት ድፍረት በደሉን በሁለት ወገን ማስቀመጡ ነው። ስለ አምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ የተጻፉ ድርሰቶች በአብዛኛው ጀግናውንና ወራሪውን ፊት ለፊት ያቆማሉ፤ በጀግናው ጓሮ የምትኖረውን ሴት እምብዛም አይጠይቋትም። ቤቲ ግን ጠመንጃ ያነገተ ሁሉ ጠባቂዋ እንዳልሆነ ታውቃለች። በሐይቁ አፈ ታሪክ ውስጥም ነፍሰ ጡሯን የበደለቻት የሩቅ ጠላት አልነበረችም፤ የገዛ አገሯ ልዕልት ነበረች። ስለዚህ ፊልሙ የመጀመሪያውን ጥያቄ በሚገባ መልሷል፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ፤ በታሪኩ መካከል ተቀምጣ የምትታየው የተገፋችው ናትና።

የሚወድቀው በሦስተኛው ላይ ነው። መዳን ከሰማይ በወረደ እንግዳ ፍጡር እጅ ይመጣል። ወሎ በዚያው ዘመን ከሰማይ የመጣውን ነገር በገዛ ዐይኗ አይታለች። በኅዳር ወር 1928 ዓ.ም. የፋሺስት አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ከማይጨው በተመለሰው ሠራዊት ላይ በሐሸንጌ ሐይቅ ዳር የመርዝ ጋዝ ዘነበ። ከአየር የሚረጭ መርዝ በዚያ ዘመን ለነበረ የወሎ ገበሬ ከማንኛውም ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የባሰ ነገር ነበር፤ ነገር ግን እውነት ነበር። በእንዲህ ያለ ሰማይ ሥር አማረን ከላይ የሚያወርድ ደራሲ ያንን ሰማይ ከዚህ ሰማይ ጋር ማጋጨት ነበረበት። አንድ ጊዜ ቀና ብላ የምታይ ልጅ የሚመጣው ቦምብ ይሁን ወዳጅ ሳትለይ የምትጠብቅበት ትዕይንት ቢኖር፣ ፊልሙ ከዘመኑ ጋር በተቆራኘ ነበር። በምትኩ ወረራው በርቀት የሚሰማ ወሬ ሆኖ ሲቀር፣ ሕልሙ ደግሞ ከወረራው ተነጥሎ ለብቻው ይበርራል። ቤቲ ከሸሸችበት በደል ወደ ሕልም ትገባለች፤ ከሕልሙ ይዛ የምትወጣው፣ በተረፈችበት መሬት ላይ የምትተክለው ነገር ግን አይታይም።

አንደኛ ደረጃ፤ «ፍርፋሪ»

እ.ኤ.አ. በ2015 በሮተርዳም የፊልም በዓል ላይ የታየው ይህ የ68 ደቂቃ ሥራ የሚናገረው በአማርኛ ነው። ስለ ታላቅ ጦርነት ከወሬ በቀር የሚያስታውስ በሌለበት ዘመን፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ በቀሩባት ምድር ላይ አንዲት ግዙፍ መንኮራኩር ለዓመታት ሰማይ ላይ ተንጠልጥላ ቆማለች። ከሥሯ አንድ ባልና ሚስት በተተወ የቦውሊንግ መጫወቻ አዳራሽ ውስጥ ይኖራሉ። ባልየው ዳንኤል ታደሰ፣ ሚስቲቱ ሰላም ተስፋዬ ናቸው። ባልየው ራሱን ከሌላ ዓለም እንደ መጣ ይቈጥራል፤ ወደዚያም ለመመለስ ይመኛል። አንድ ቀን የቦውሊንጉ ማሽን ያለ ማንም እጅ መንቀሳቀስ ሲጀምር መንኮራኩሯ እንደ ተቀሰቀሰች ገምቶ፣ የሚሳፈርበትን መላ ፍለጋ ረጅም መንገድ ይጀምራል።

የፊልሙ ስም ትርጉም የሚገለጠው በመንገዱ ላይ ነው። ከጠፋው ሥልጣኔ የቀሩት ፍርፋሪዎች የፕላስቲክ መጫወቻዎች፣ ሰው ሠራሽ የገና ዛፍና የማይክል ጃክሰን ሸክላ ናቸው። በዕቃ መግዣው ሱቅ ነጋዴው እያንዳንዱን አሻንጉሊት እያነሣ የጥንት ጦረኞች ይዘውት እንደ ዘመቱ ያወራል፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ይሰቅለዋል። ሚስቲቱ ደግሞ በቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ በማይክል ጆርዳን ሥዕል ፊት ቆማ በታላቅ ትሕትና ትጸልያለች። በመጀመሪያ ተመልካቹ ይስቃል፤ ቆይቶ ግን ሳቁ ይቆማል። ተዋንያኑ አንድም ጊዜ በቀልዱ አይስቁምና። ሰላም ተስፋዬ ጸሎቱን የምታደርሰው አንዲት የወሎ እናት ለታመመ ልጇ በምትጸልይበት ልብ ነው።

ፊልሙ ጦርነቱን ማን እንደ ጀመረው አይናገርም። በዚህ የተነሣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳይመልስ ያለፈ ሊመስል ይችላል። ልብ ብሎ ያስተዋለ ሰው ግን መልሱን በዕቃዎቹ ላይ ያገኘዋል። ከዚያ ሥልጣኔ መጽሐፍ አልቀረም፤ መድኃኒት አልቀረም፤ ምርጥ ዘርም አልቀረም። የቀረው በፋብሪካ በብዛት ተመርቶ ለልጆች የተሸጠ፣ የማይበሰብስ ፕላስቲክ ነው። ኅብረተሰቡ ሀብቱንና ጉልበቱን በምን ላይ እንዳዋለ ከዚህ በላይ የሚመሰክር ነገር የለም። የሐይቁ አፈ ታሪክ በደለኛዋን ከነወገኖቿ ያሰጥማታል፤ «ፍርፋሪ» ደግሞ በደለኛው ከሰጠመ በኋላ የተንሳፈፈውን ኮተት እየለቀመ ያሳያል።

ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከሦስቱ ፊልሞች ሁሉ የጠነከረ ነው። በአማርኛ ቲያትርና ፊልም ቁመቱ ያጠረ ወይም አካሉ የተለየ ሰው መድረክ ላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ለማሳቅ ነው። እዚህ ግን ዳንኤል ታደሰ ፍቅረኛ፣ መንገደኛና ጀግና ነው። ካሜራው በሰፊው ሜዳ ላይ ብቻውን ሲያቆመው አያሳንሰውም፤ ሜዳውን ለእርሱ ይሰጠዋል። የተገፋው ሰው የምድር ወራሽ መሆኑ በንግግር ሳይሆን በሥዕል አቀማመጥ ተነግሯል። የኪነት ሥራ ትምህርቱን በመፈክር ሳያውጅ ሊያስተላልፍ እንደሚችል ለሚጠራጠር ሰው ይህ በቂ ማስረጃ ነው። ለሦስተኛውም ጥያቄ ቢሆን ፊልሙ ዝም አይልም። በተተወው አዳራሽ ውስጥ የሁለት ሰዎች መተሳሰብ አለ፤ ትንሽ ነው፤ ግን ቤት ነው።

ከነዚህ ሁሉ ጋር አንድ ከባድ ነቀፌታ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ፊልሙ የጠፋችውን ዓለም ለማሳየት ካሜራውን ያዞረው ወደ ዳሎል ነው። ቢጫውና አረንጓዴው የጨው ምድር ለሮተርዳም ተመልካች የሌላ ፕላኔት ይመስለዋል። ነገር ግን በዚያ አካባቢ የአፋርና የትግራይ ሠራተኞች ለብዙ መቶ ዓመታት ጨው ሲፈልጡ፣ ሲጠርቡና በግመል ሲጭኑ ኖረዋል። ከዚያ የወጣው አሞሌ በኢትዮጵያ ገበያ ገንዘብ ሆኖ ሲገበያዩበት ኖሯል። ለአንዱ የዓለም መጨረሻ ሆኖ የታየው ቦታ ለሌላው የሥራ ቦታው ነው። የጨው ጠራቢውን እጅ ከሥዕሉ አውጥቶ መሬቱን ባዶ ማድረግ፣ ወሎን በረሃቡ ቀን ብቻ ካሳዩት ካሜራዎች ጋር በአንድ መስመር የሚያስቆም ስሕተት ነው። በእርግጥ «ፍርፋሪ» እንደ እነርሱ አያስለቅስም፤ ለሰዎቹም ቋንቋቸውንና ክብራቸውን ሰጥቷቸዋል። መሬቱን ግን አልጠየቃቸውም። ፊልሙ አንደኛ የሆነው ይህ ጉድለት እያለበት ነው፤ ጉድለቱም አንደኛነቱ የሚሸፍነው አይደለም።

መደምደሚያ

ሁለት አዘጋጆች፣ ሁለቱም ከውጭ የመጡ፣ ሦስት ፊልም ሠርተዋል። ከዚህ ተነሥቶ እንግዳ ሰው ስለ ኢትዮጵያ መጪ ዘመን ፊልም መሥራት የለበትም ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። «ሂሩት፣ አባቷ ማን ነው?»ንም ያዘጋጀው ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ነበር፤ የአማርኛ ፊልም በዚያ አላፈረም፤ ከዚያ ተምሮ ወደፊት ሄደ። የሚያሳስበው የእንግዶቹ መምጣት ሳይሆን የባለቤቶቹ ዝምታ ነው። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ብዙ ገንዘብና ብዙ መሣሪያ ይጠይቃል የሚለው ምክንያትም በእነዚሁ ፊልሞች ውድቅ ሆኗል። ወረቀት፣ መቀስ፣ የወደቀ አሻንጉሊትና ጥሩ ተዋናይ በቂ ሆነው ታይተዋል።

የጎደለው ነገር የበደሉ ዕውቀት ነው። የሐይቅ ውሃ ቢጎድል የሚጎድልበትን ምክንያት፣ የአምባሰል ተራራ ዛፍ አጥቶ ቢራቆት ማን እንደ ቆረጠውና ለምን እንደ ቆረጠው፣ ድርቅ ወደ ረሃብ የሚለወጠው በማን ቸልተኝነት እንደ ሆነ ከዚያው ከተወለደ ሰው የተሻለ የሚያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. 2035ን ወይም ሌላ ሩቅ ዓመትን የሚያልም ወጣት ደራሲ ከዚህ ዕውቀት ቢነሣ፣ ጥፋቱን ከሰማይ ማውረድ ወይም ከአሜሪካ የሥዕል መጽሔት መዋስ አያስፈልገውም። ጣቱ ወደ ሌላው ብቻ እንዳያመለክትም የዚያ 10 ዓመት ታሪክ ሊያስጠነቅቀው ይገባል።

በዚህ ረገድ የመምህራን ድርሻ ቀላል አይደለም። በሐይቅም ሆነ በሌላ ከተማ የሚገኝ የትምህርት ቤት የኪነት ክበብ ሦስቱን ጥያቄዎች ይዞ ተማሪዎቹን ከአካባቢያቸው አፈ ታሪክ እንዲነሡ ቢያደርጋቸው ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። የባህል ካድሬውም ከክበቡ የሚጠብቀው የተዘጋጀ መልስ መሆን የለበትም፤ መልሱ ከተዘጋጀ ጥያቄው ይሞታል። የሙዚቃ ባለሙያዎች ደግሞ የጀግንነትና የታሪክ ዜማዎች ሲዜሙበት የኖረው የአምባሰል ቅኝት ስለ መጪው ዘመን ሲዘፈን ምን እንደሚመስል ሊሞክሩት ይችላሉ።

እስከዚያ ድረስ ደረጃው እንደ ተቀመጠው ይቆያል፤ አንደኛ «ፍርፋሪ»፣ ሁለተኛ «ቤቲና አማረ»፣ ሦስተኛ «ኢየሱስ ወደ አውራ ጎዳናው የሚወስደውን መንገድ ያሳይሃል»። በውሃ በተከበበችው መሬት ላይ የተቀመጠችውን ሴት ስም ጠርቶ፣ ማን እንደ በደላት ነግሮ፣ ልጇንም ወልዳ ስታሳድግ የሚያሳይ አራተኛ ፊልም ሲመጣ ግን ይህ ደረጃ እንደገና መውጣት ይኖርበታል።